ቁጥሩን ሰጣችሁን፤ ወረቀቱስ የት አለ?

ጓደኞቼ፤

የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ውጤት በሚነገርበት ሰሞን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚሆን ማስታወስ አያሻኝም፤ ኹላችንም አልፈንበት መጥተናል። መምህሩ ሮስተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ስም እየጠራ ቁጥር ይናገራል። ከፍተኛ ላገኘ ይጨበጨባል፤ ዝቅተኛ ላገኘ ዝም ይባላል፥ ወይም ይሣቅበታል። ከዚያ በኋላ ሮስተሩ ይጠቀለላል። በማግሥቱም የሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት ምንም እንዳልተፈጠረ ከአዲስ ምዕራፍ ይጀመራል። ተማሪው የተሳሳተበት ወረቀት የት እንደ ገባ ግን የሚጠይቅ የለም።

እኔ ዛሬ የምጠይቀው እርሱን ነው። በየካቲት የወደቀ ተማሪ በሰኔ ሊነሣ ይችላል። የሚያነሣው ግን ተግሣጽ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም፤ «በርታ» የሚል ባዶ ቃልም አይደለም። የሚያነሣው የተሳሳተበት ወረቀት ከነእርማቱ እጁ ሲገባና የሚያስረዳው ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ነው። ይህን ኹለት ነገር የነፈጉት እነማን እንደ ሆኑ እናገራለሁ፤ ከነፋጊዎቹም መካከል እኛ ራሳችን መኖራችንን አልሸሽግም።

በመጀመሪያ የራሴን ልናገር። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በመንፈቁ ፈተና በሒሳብ ከመቶ 38 አገኘሁ። አጠገቤ ትቀመጥ የነበረች ልጅ 44 አገኘች። ቁጥሩን ብቻ ለሚያይ ሰው እርሷ ከእኔ ትሻል ነበር፤ በእውነትም ትሻል ነበር። ካርዱ ቤት በገባ ጊዜ የእርሷ አባት «እንግዲህ ይህች ልጅ ለትምህርት አልተፈጠረችም» አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ቁጥሩ የነገራቸው እንደዚያ ስለ መሰላቸው ነው። በመጋቢት ከክፍል ቀረች። ዛሬ በዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች።

የእኔ አባት ደግሞ ከዚያች ልጅ አባት የበለጠ የተማረ ሰው አልነበረም። ነገር ግን የአጎቴ ልጅ በዚያን ጊዜ የምሕንድስና ተማሪ ነበርና ጠርቶ «እስቲ ይህን ልጅ እየው» አለው። የአጎቴ ልጅ ካርዱን ሳያይ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «የፈተናው ወረቀት የታለ?» ወረቀቱ አልተመለሰልኝም ነበር። ትምህርት ቤት ድረስ አብሮኝ ሄዶ መምህሩን ለመነልኝ፤ መምህሩም ሳይከፋቸው ከቁም ሣጥን ውስጥ ፈልገው ሰጡን። ከ50 ጥያቄ 31 ተሳስቻለሁ። ሌሊቱን ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ለየናቸው። 9ኙ የማውቃቸው ሆነው በችኮላና በምልክት ስሕተት ያበላሸኋቸው ነበሩ። 14ቱ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ትምህርት የመጡ ነበሩ፤ ክፍልፋይ ማቃለል፥ እኩልታ መፍታት፥ የመሳሰለው። የ12ኛ ክፍል አዲስ ትምህርት ስላልገባኝ የተሳሳትሁት 8ቱን ብቻ ነው። 12ኛ ክፍል ላይ ወደቅሁ ብዬ ሳለቅስ፥ ለካ የወደቅሁት 9ኛ ክፍል ኖሯል! ማንም ሳይነግረኝ ሦስት ዓመት ወድቄ ቆይቻለሁ።

ይህን ያወቅሁ ዕለት ፍርሀቱ ግማሹ ለቀቀኝ። «ሒሳብ አልችልም» የሚባል በሽታ መድኃኒት የለውም፤ «ክፍልፋይ አላውቅም» የሚባል በሽታ ግን በኹለት ሳምንት ይድናል። እነሆ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ነው። በእኔና በዚያች ልጅ መካከል የነበረው ልዩነት የአእምሮ ልዩነት አይደለም። ልዩነቱ አንድ የአጎት ልጅ ነው። የአንድ አገር ወጣት ዕድል የአጎት ልጅ በመኖርና ባለመኖር ሲወሰን ዝም ብለን እናያለንን?

አሁን ወደ ተከራካሪዎቼ ልመለስ።

አንዳንዶች «ፈተና ማጣሪያ ነው፤ ስንዴው ከገለባው ይለያል፤ የወደቀው ገለባ ነው» ይላሉ። እስቲ ቁጥሩን እንመልከት። የ2014 ዓ. ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው በተፈተኑ ጊዜ ከ896 ሺህ በላይ ከሚሆኑት ተፈታኞች ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያገኙት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2015 ዓ. ም. ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ. ም. 5.4፥ በ2017 ዓ. ም. 8.4 ሆነ። መሻሻሉን አልክድም። ነገር ግን አውድማ ላይ ከመቶ 96 እጁ ገለባ ሆኖ የተገኘበት ገበሬ ስንዴውን አይረግምም፤ መሬቱን፥ ዘሩንና የራሱን እጅ ይመረምራል እንጂ።

ደግሞም ይህ ፈተና ምን ያህል ይጠይቃል? በጣቶቻችን እንቁጠር። ፈተናው አራት ምርጫ ያለው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ሰው እንኳ በአማካይ ከመቶ 25 ያገኛል። እንግዲህ 60 ጥያቄ ቀርቦለት 20ውን በርግጥ የሚያውቅ፥ የቀረውን 40 በግምት የሚሞላ ተማሪ፥ ከግምቱ 10 ያህል ስለሚያገኝ በድምሩ 30 ያገኛል፤ ይኸውም ግማሹ ነው። ከሦስት ጥያቄ አንዱን ብቻ በርግጥ ያወቀ ሰው ከማለፊያው ደፍ ይደርሳል ማለት ነው። ከመቶ 35 ያገኘው ተማሪስ? በዚሁ ስሌት ከ60 ጥያቄ በርግጥ የሚያውቀው 8 ያህሉን ነው። 8ን ወደ 20 ለማድረስ 12 ጥያቄ ይጎድለዋል። ከየካቲት መባቻ እስከ ሰኔ መጨረሻ 150 ቀን አለ። ዐሥራ ኹለት ጥያቄ በ150 ቀን!

ይህን የምናገረው ግምትን ለማስተማር አይደለም፤ በግምት ያለፈ መሐንዲስ የሠራውን ድልድይ ማንም እንዲሻገር አልመኝም። የምናገረው የፈተናውን የውሸት ግርማ ለመግፈፍ ነው። ከሦስት አንዱን ማወቅ ለአንድ ጤነኛ ወጣት ከዐቅም በላይ ነው የሚለኝ ማን ነው? ያን ያህል ሕዝብ በተፈጥሮው ደካማ ነው የሚለኝስ ማን ነው? ደፍሮ በስሙ ይጻፈው!

ኹለተኞቹ ተከራካሪዎቼ «የእኛ ተማሪዎች በመንፈቁ ጥሩ ውጤት ነው ያላቸው፤ ችግር የለም» የሚሉ ትምህርት ቤቶች ናቸው። እነዚህ ከፊተኞቹ የባሱ ናቸው። በዚያው በ2014 ዓ. ም. ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። እስቲ ልጠይቅ፤ በእነዚያ 1,161 ትምህርት ቤቶች የመንፈቅ ዓመት ሮስተር አልነበረምን? አንደኛ የወጣ፥ የተጨበጨበለት፥ ደብተር የተሸለመ ተማሪ አልነበረምን? ነበረ። አንደኛ የወጣውም ወደቀ! ያ ልጅ ምን በደለ? «ታውቃለህ» ብለው ነገሩት፥ አመነ። በየካቲት እውነቱን ቢነግሩት ኖሮ አምስት ወር ነበረው፤ እውነቱን የሰማው ግን ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት በመንፈቁ ፈተና ዝቅተኛ ያገኛችሁ ታናናሾቻችን ሆይ፤ ምናልባት ትምህርት ቤታችሁ እውነቱን የነገራችሁ ገና ዛሬ ነው። አትዘኑበት፥ ተጠቀሙበት። ውሸተኛ 85 ከእውነተኛ 38 ይልቅ ይገድላል።

ሦስተኞቹ «መምህሩ ምን ያድርግ? ክፍሉ በተማሪ የታጨቀ፥ ደመወዙ ያነሰ፥ የሚያርመው ወረቀት ክምር ነው» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ መምህሩን ከዳኞቹ ጋር አላቆምም። እርሱም ከእኛ ጋር የተበደለ ነው። ነገር ግን የታረመውን ወረቀት መመለስ ስንት ብር ያስወጣል? ብዙ ተማሪ የተሳሳተባቸውን አምስት ጥያቄዎች መርጦ በሰሌዳ ላይ መሥራት ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ ይፈጃልን? «ጥያቄዎቹ ለከርሞ ስለሚያስፈልጉ ወረቀቱ አይወጣም» የሚባለውንም ሰምቻለሁ። ይኸው ነው እንግዲህ! አዲስ ጥያቄ ላለማውጣት ሲባል ተማሪው ስሕተቱን ሳያይ ይቅር ማለት ነው።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ከእኛ ይሻሉ ነበር። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀኑን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለውን ቅኔ በነገራ ሰዓት ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። የኔታም ቃሉ የት ላይ እንደ ተሰበረ፥ ምሥጢሩ የት ላይ እንደ ላላ፥ ቤቱ የት ላይ እንደ ጎደለ እዚያው ይነግሩታል። «38 አግኝተሃል፤ ሂድ» አይሉትም። በዜማ ቤትም ቢሆን የሳተ ተማሪ የሳተበት ቦታ ተነግሮት ያንኑ ደግሞ ያዜማል እንጂ፥ ስቶ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ዘመናዊ ነን ባዮቹ እኛ ግን እርማቱን ጥለን ቁጥሩን አስቀረን። ምርቱን ጥሎ እብቁን ጎተራ እንደሚያስገባ ሰው ሆነናል።

በዚህ ባዶ ቦታ ማን ገባበት? ነጋዴው ነዋ። በየመንገዱ «የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፥ በአንድ ወር እናሳልፋችኋለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ማስጠናት ነውር አይደለም፤ ከእኛም መካከል በማስጠናት የሚኖር አለ። ነገር ግን የተማሪውን ድካም ሳይመረምር ለኹሉም አንድ ዐይነት የጥያቄ ጥራዝ አባዝቶ የሚሸጥ ሰው ሐኪም ሳይሆን ያው አንድ እንክብል ለራስ ምታትም ለወባም የሚሰጥ የገበያ መድኃኒተኛ ነው። ከዚህም የከፋው «መልሱን እናመጣልሃለን» የሚለው ነው። በ2008 ዓ. ም. የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ ወጥቶ ፈተናው እንደ ተሰረዘና እንደገና እንደ ተሰጠ ኹሉም ያውቃል። ያን ጊዜ ዋጋውን የከፈለው የሰረቀው ብቻ አይደለም፤ በኩራዝ ሲያጠና የከረመውም ልጅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህንንም ለትምህርት ሚኒስቴር ሰዎች እናገራለሁ። መንግሥት 50 ካላገኙት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸውን መርጦ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ለጥቂት ወራት የማካካሻ ትምህርት እንዲያገኙ አድርጓል፤ ሬሜዲያል የምንለው ማለት ነው። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ይህ ሥራ አንድ ነገር አረጋግጧል፤ በጥቂት ወራት የጎደለውን መሙላት እንደሚቻል መንግሥት ራሱ አምኗል ማለት ነው። ከወደቁ በኋላ በጥቂት ወራት የሚቻል ከሆነ፥ ከመውደቃቸው በፊት ከየካቲት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ስለምን አይቻልም? ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ከሚታፈስ፥ ገና እንስራው ሲሰነጠቅ ቢደፈን አይሻልምን? የማካካሻው ትምህርት በመንፈቁ ይጀመር! በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በየትምህርት ቤቱ፤ ለተመረጡት ብቻ ሳይሆን ለወደቁት ኹሉ።

አሁን እናንተን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በቀጥታ ላነጋግር። ይህ ጋዜጣ በየሰፈራችሁ በምናውቃቸው እጅ እንደሚደርሳችሁ ተስፋ አለኝ።

በመጀመሪያ ወረቀታችሁን ጠይቁ። በትሕትና ጠይቁ፤ ግን ሳታፍሩ ጠይቁ፤ ድካማችሁ ነውና የእናንተ ነው። ካልተሰጣችሁም በመምህሩ ፊት ተቀምጣችሁ ለማየት ለምኑ።

ቀጥሎ ስሕተታችሁን በሦስት ክፈሉት፤ እያወቃችሁ በችኮላ የሳታችሁት፥ የታች ክፍል ትምህርት ጎድሏችሁ የሳታችሁት፥ የዚህ ዓመት ትምህርት ሳይገባችሁ የሳታችሁት። ለሦስቱ አንድ መድኃኒት የለም። የመጀመሪያው በሰዓት እየተለማመዱ ጥያቄን ኹለት ጊዜ በማንበብ ይድናል። ኹለተኛው የ9ኛ ክፍልን መጽሐፍ ሳያፍሩ በመክፈት ይድናል። ሦስተኛው አስረጂ ይፈልጋል፤ እርሱንም ፈልጉ፥ ጠይቁ።

ደግሞም የጥናት ሐሰትን ተጠንቀቁ። ማስታወሻን በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አሳምሮ መገልበጥ ጥናት አይደለም። አንድን ገጽ ዐሥር ጊዜ ማንበብም ብዙ አይረዳም፤ ዐይን ሲለምደው ልብ ያወቀ ይመስለዋልና። መጽሐፉን ዝጉና ያነበባችሁትን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ያልመጣላችሁ እርሱ ነው የማታውቁት። የተሳሳታችሁትን ጥያቄ ከሦስት ቀን በኋላ፥ ከሳምንት በኋላ፥ ከወር በኋላ ደግማችሁ ሥሩት። ጫት እየቃሙ ሌሊቱን ማንጋትም ጀግንነት አይደለም፤ በየቀኑ ኹለት ሰዓት የሚያጠና ተማሪ በ100 ቀን 200 ሰዓት ያጠናል፤ ይህን ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት በምንም ተአምር አታገኙትም።

ወላጆችን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ካርዱ ቤት ሲገባ «ስንት አገኘህ?» ብቻ አትበሉ፤ «ምን ምኑ ነው ያቃተህ?» በሉ። በተለይ ስለ ሴቶች ልጆቻችሁ እለምናለሁ። ማታ እንጀራ ስትጋግር፥ ውሃ ስትቀዳ፥ ታናናሾቿን ስታጥብ የምታመሸው ልጅ 44 ብታመጣ «አልተፈጠረችም» የሚያሰኝ አይደለም። ያን ያህል ያመጣችው በየትኛው ሰዓቷ እንደ ሆነ መደነቅ ነው የሚገባ።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ልምጣ። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ሥርዓቱ ተበላሽቷል» ማለት እንወዳለን። በሻይ ቤት እንላለን፥ በመኝታ ክፍል እንላለን፥ በዚህም ጋዜጣ እንጽፋለን። የሚያነሣቸው ያጡትን ታናናሾቻችንን ለማንሣት ግን ስንቶቻችን ወደ ተማርንበት ትምህርት ቤት ተመልሰናል? በ1957 ዓ. ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ተማሪ ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልከው ነበር፤ ብዙዎቹም የተመደቡት በመምህርነት ነበር። ያን ጊዜም ያጉረመረመ ተማሪ አልጠፋም። ነገር ግን በገጠር ከተማ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ የተማሩ ልጆች መምህር አገኙ፤ ተማሪውም አገሩን አየ። እኛ ዓመት አልተጠየቅንም። የምለው አንድ ወር እንኳ አይደለም፤ የመንፈቅ ዕረፍታችንን ነው፤ ከዚያም በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ በአቅራቢያችን ላለ ትምህርት ቤት በየኹለት ሳምንቱ አንድ ቅዳሜ ነው።

ስለዚህ ኅብረታችን በሚቀጥለው ስብሰባው ተነጋግሮ እንዲወስን የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1ኛ፤ እያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመንፈቁን ፈተና ወረቀት ለተማሪው ከነእርማቱ እንዲመልስ ኅብረቱ በደብዳቤ ይጠይቅ።

2ኛ፤ የተማሪ ውጤት በክፍል ፊት እየተጠራ የሚነገርበት ልማድ ይቅር። ውጤት ለባለቤቱ ይነገር።

3ኛ፤ ከየፋኩልቲው ፈቃደኞች ተመዝግበው በየካቲት ወደ ተማሩበት ትምህርት ቤት ይሂዱ፤ የወደቁትን ሰብስበው ወረቀታቸውን አብረው ይመርምሩ።

4ኛ፤ የሚሄደው ተማሪ ንግግር ለማድረግ አይሂድ። ንግግር ጠግበዋል። እርሳስ ይዞ ይሂድ።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እንከራከር። ነገር ግን ከመጻፉ በፊት አንድ ነገር ያስታውስ፤ በተማረበት ክፍል አጠገቡ ተቀምጦ የነበረው ልጅ ዛሬ የት እንዳለ ይጠይቅ። ያ ልጅ ከእርሱ ያንስ ነበርን? ወይስ የአጎት ልጅ ብቻ ነው ያጣው?

ወረቀቱን መልሱ። እኛም እንመለስ።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ